ዘበኛውን ያነቀው እጅ

ያላልኸው ቃል ከአንተ አፍ እንደ ወጣ ተጽፎ፣ ከተማው ሁሉ ተቀባብሎት፣ እናትህ ዘንድ ደርሶ ያውቃል? ካላወቀ ዕድለኛ ነህ። ካወቀ ደግሞ የጻፈብህን ሰው ፊቱን ለማየት ስንት ቀን እንደተመኘህ አልጠይቅህም። እኔ ተጽፎብኝ አያውቅም። ጸሐፊው እኔ ነኝ።

አስናቀ እባላለሁ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ሰው ግን ከክፍል ይልቅ በቴሌግራም ነው የሚያውቀኝ። የቧንቧው ውኃ መጥፋት፣ የመናኸሪያው ቆሻሻ፣ የሠርግ ድምፅ ማጉያ፣ ያልተቆጣሁበት ነገር የለም። ሰው ሲሳሳት አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ስቆጣ ደግሞ ብዕሬ ይሰላል። ይህን እንደ ሙያ እቆጥረው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ቁጣዬ በጌም ቤቶች ላይ ነበር። በተለይ የአንድ ጌም ወሬ ክፍል ድረስ ገብቶ አስቸገረኝ። ከፊልም የተሠራ ነው። ፊልሙን ከተማው በአማርኛ ትርጉም አይቶታል፤ በባሕር መካከል ባለ ምሽግ የታሰረ ቁልፍ ሠሪ ዘበኞቹን ፈጅቶ ያመልጣል። ጌሙ ግን አንተን ራስህን ቁልፍ ሠሪው ያደርግሃል። ፊቱን አታይም፤ እሱ የሚያየውን ታያለህ፣ ከታች ሁለት እጆቹ ብቻ ብቅ ይላሉ። መንገድህ ሁሉ በድብቅ ነው። ፋኖስ ታጠፋለህ፣ ግድግዳ ትጠጋለህ፣ ዘበኛው እስኪያልፍ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ከታየህ አለቀልህ።

ሳላይ አልፈርድም ብዬ ከትምህርት በኋላ ደብተር ይዤ ማሩ ጌም ቤት ሄድሁ። ማሩ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከክፍል አባርሬዋለሁ፣ ቂም አልያዘም።

«ቲቸር፣ ሊያዘጉኝ ነው የመጡት ወይስ ሊጫወቱ?» አለና ወንበር ጠረገልኝ።

የተጫዋቾችን አስተያየት ልሰበስብ ነው አልሁት። ስም እንደማልጠራ ለእሱም፣ አግዳሚው ላይ ለተቀመጡትም ቃል ገባሁ። መጀመሪያ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። በፊልም ስም የሚሸጥ ጌም አብዛኛው ጊዜ ጉድ ነው አለ፤ የተዋናዩን ፎቶ ለጥፈው፣ ውስጡን ሳያበስሉ ያወጡታል። ይህንንም ሲያመጣ ሳምንት አይቆይም ብሎ ነበር። አሁን ወረፋ ይጠበቅለታል፤ ከፊልሙም ይበልጣል ባይ ነው።

ባጃጅ ነጂው ባዩ አልተስማማም። ፊልሙ ላይ ሰውዬው አርባ ሰው ይጥላል፣ እዚህ ግን አንድ ጥይት ከተኮስህ ምሽጉ ሁሉ ይነሣብሃል። ጀግናውን አይጥ አደረጉት፣ ለመሽሎክሎክማ ትራፊክ ፖሊስ መቼ አነሰኝ ብሎ አግዳሚውን በሳቅ አፈረሰው። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ፍቅርተ ደግሞ የሚያስፈራት የሰውዬው ፊት አለመታየቱ ነው። እጆቹ ብቻ ስለሚታዩ የራሷ እየመሰሏት፣ ዘበኛው ዞር ሲል ዓይኗን እንደምትጨፍን ነገረችኝ። ብትጨፍኚ ታዲያ አያይሽም ወይ ብሎ ባዩ ቀለደባት።

አራተኛው ቀለመወርቅ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከአንበሳሜ መጥቶ የኔታ መልካሙ ዘንድ አቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያና በእርምጃ የሚዘመረውን ትምህርት ይማራል። በተለያዩ የቆሎ ትምህርት ቤቶች አሥራ አንድ ዓመት ገፍቶበታል፤ ሊመረቅ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ጋቢውን አጣጥፎ በፌስታል ይዞ፣ ከጥግ ተቀምጧል። ጌሙን አንድም ዘበኛ ሳይነካ እስከ መጨረሻው የጨረሰ እሱ ብቻ ነው አሉኝ። እንዴት ብዬ ጠየቅሁት።

«እሰማቸዋለሁ» አለ። «እያንዳንዱ ዘበኛ የራሱ አረጋገጥ አለው፣ መምህር። ይኼኛው ሰባት ይረግጣል፣ ያርፋል፣ ይዞራል። እርምጃውን ካጠናሁት ማነቅ ምን ያደርግልኛል?»

ይህን ጻፍሁ። ደብተሬ ውስጥ ዛሬም አለ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ።

ከዚያ ማሩ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አኖረው። ለአንድ ዙር ብዬ ያዝሁት፤ በዚያ ሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ተመላለስሁ። እንደ ቀለመወርቅ መታገሥ አልቻልሁም። በሦስተኛው ቀን አንድ ዘበኛ ደጋግሞ ያዘኝና ተናደድሁ፤ ከኋላው ሄጄ አንገቱን ያዝሁት። ስክሪኑ ላይ ያሉት እጆች አጠበቁ፣ የእኔም እጆች ጆይስቲኩን አጠበቁ። ሰውዬው ተንፈራግጦ ዝም አለ። «ጣፈጠኝ» አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። አግዳሚው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያም ሌላ ዘበኛ ፍለጋ ሄድሁ።

ቤቴ ገብቼ ጽሑፌን ስጀምር ያ ቃል ከሁሉ በላይ ጠንካራ ማስረጃዬ እንደሆነ ገባኝ። ጌሙ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ከዚህ በላይ ምን ይናገራል? ግን ማን አለው ልበል? የታሪክ መምህር አለ ብል ይሳቅብኛል። ባጃጅ ነጂ አለ ብል ማንም አይደነቅም። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቢለው ግን ከተማው ይንቀጠቀጣል። ይህን አስልቼ ነው የጻፍሁት። በስሕተት፣ በችኮላ፣ በድካም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ አልቀበላቸውም። አስቤበት ነው።

እንዲህ አልሁ፦ «ዘንድሮ የሚመረቅ አንድ ከአንበሳሜ የመጣ የአቋቋም ተማሪ፣ ዘበኛውን ከኋላ አንቄ ስገድል ጣፈጠኝ፣ ማሕሌት ስቆምም እጄ ያንኑ ይናፍቃል ብሎኛል።» ስም አልጠራሁም። በዚህም ኮራሁ። በዚያ ጉባኤ ቤት ዘንድሮ የሚመረቅ የአንበሳሜ ልጅ ግን አንድ ብቻ መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር።

ጽሑፉ በሁለት ቀን ደብረ ታቦርን አዳረሰ። አንድ ሰው አትሞ የኔታ መልካሙ እጅ አደረሰው። የኔታ ስልክ አይዙም፤ ወረቀቱን ግን ሁለት ጊዜ አስነበቡት አሉ። ከዚያም አውጫጭኝ ጠሩ። በሬ ሲጠፋ ወይም ክምር ሲቃጠል አገሩ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት የአባቶች ሥርዓት ነው። እኔ ይህን በክፍል አስተምረዋለሁ፤ ቀርቷል ብዬ ነበር የማስተምረው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተማሪዎቹ በሙሉ፣ ትንንሾቹም ጭምር፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። የአጥቢያው ሽማግሌዎችም ነበሩ። እኔ የክብር እንግዳ ሆኜ ተጠርቻለሁ፤ ከጽድ ዛፉ ጥላ ሥር ወንበር ተሰጠኝ። የኔታ ወረቀቱን አሳዩና ይህን ያለ ሳይወጣ እህል ውኃ የሚቀምስ የለም ብለው ተቀመጡ። የቀለመወርቅ ጓደኞች ስለ እሱ መጻፉን ያውቃሉ፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አንዱም ወደ እሱ አልተመለከተም። ፀሐዩ ከረረ። አንድ ትንሽ ልጅ ራሱን ስቶ ወደ ጎን ሲያጋድል ቀለመወርቅ ተነሣ።

«ልጆቹ ተርበዋል፣ የኔታ፤ ይሂዱ። ጌም ቤት የገባሁት እኔ ነኝ። ይህን ቃል ግን አላልሁም።»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው አንቱ ሲለኝ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

«መምህር፣ ከአፉ ሰምተውታል?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። አልሰማሁም ማለት ብቻ። አርባ ሰው ያየኛል፤ ስሜ፣ ጽሑፌ፣ ከዚህ በፊት ያዋረድኋቸው ሹሞች ሁሉ በዓይኔ መጡ። «ያልሁት ወረቀቱ ላይ አለ» አልሁ።

ቀለመወርቅ አየኝ። ቁጣ ብጠብቅም አላየሁበትም። በጌም ቤቱ ጥግ እንደሚያደርገው፣ ሰባቱን እርምጃዬን እንደሚቆጥር ዓይነት አየኝ። የኔታ ለአንድ ዓመት ከጉባኤው እንዲርቅ፣ ከዚያ በኋላ እንደሚታይ ተናገሩ። እሱ እጅ ነሣ፤ መቋሚያውን ደጀ ሰላሙ ላይ አስደግፎ ወጣ። ለምርቃቱ ጌሾ ወቅጠው የነበሩት እናቱ እማማ ብዙነሽ፣ አንበሳሜ ገበያ ላይ ማነቅ ይናፍቃል የተባለው የልጃቸው እጅ ነገር ተነሥቶባቸው ዕቃቸውን ሳይሸጡ እንደተመለሱ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ምን አደረግህ ትለኝ ይሆናል። ማስተካከያ ጻፍሁ። ሰባት ጊዜ ጽፌ ሰባት ጊዜ አጠፋሁ፤ በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦ «ባለፈው ጽሑፍ የቀረቡት አስተያየቶች በጸሐፊው የተጠናቀሩ ናቸው።» በሰው ላይ ጦር የሚወረውረው ብዕሬ በራሴ ላይ ሲሆን ይህን ያህል ለስላሳ መሆኑን ያኔ አየሁ። ማንም ልብ አላለውም።

ማሩ ግን ልብ አለው። መንገድ ላይ አገኘኝና እንደ ወትሮው ሳይቀልድ ሰላም አለኝ። ወረፋው እንደሳሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች በደጁ ማለፍ እንኳ እንደተዉ ነገረኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ቲቸር፣ ያን ቃል የሰማነው እኮ አምስት ነን። እርስዎ ሲሉት ነው የሰማነው።»

ለምን ዝም አላችሁ ብዬ ጮኽሁበት። አዎ፣ እኔ ጮኽሁበት። እሱም ከክፍል ሳባርረው እንደሚያደርገው አንገቱን ደፋና፣ አስተማሪን ውሸታም ማለት አላስተማሩንም ብሎኝ ሄደ።

ቀለመወርቅ ሐሙሲት እንዳለ ያወቅሁት ከባዩ ነው። አጎቱ ዘንድ አርፎ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱትን ሚኒባሶች ተራ ያስከብራል። በገበያ ቀን በወረታ በኩል ወረድሁ። መንገዱን ሁሉ ንግግሬን አዘጋጀሁ፤ ጥሩ ንግግር ነበር፣ ሦስት ክፍል ነበረው።

መናኸሪያው ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አገኘሁት። ጋቢ አልለበሰም። ሲያየኝ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ከእሱ ይህን አልጠበቅሁም። ከተደረደሩት ጎማዎች ኋላ ወሰድሁት። እዚያ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሁሉንም ነገርሁት። ቃሉ የእኔ እንደነበር፣ ለምን በእሱ ስም እንዳደረግሁት፣ ለእናቱ ካሣ መስጠት እንደምፈልግ፣ ለየኔታም በግሌ ደብዳቤ እንደምጽፍ። ይቅር በለኝ አልሁት። አንገቴን ለመድፋት ስል ዞር ብዬ ሰው እንዳያየኝ አረጋገጥሁ። ይህንንም አየ።

«እርስዎም እንደ ቁልፍ ሠሪው ሲሄዱ ጥላ ጥላውን ነው» አለኝ።

ከዚያ ጥሎኝ ሄደ። የሞላው ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እንዲያቆም እጁን ለሾፌሩ ዘረጋ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋው። ውስጥ ዶሮ የታቀፉ ሴቶች፣ ገበሬዎች፣ ከኋላ ደግሞ ከደብረ ታቦር የመጡ፣ ያን እሑድ ደጀ ሰላሙ አጠገብ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዲት ሴት መሽቶብናል እኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው አለችው።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እናቴ። አንድ ሰው የሚናገረው አለው» አላት።

ተከትዬው መጥቻለሁ፤ ለምን እንደተከተልሁት አላውቅም። ከመኪናው ውስጥ አሥራ አራት ፊት ወደ እኔ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ለዩኝና ከወንበራቸው ከፍ ብለው እጅ ነሡኝ፤ አንደኛው የጌም ቤቱን ጽሑፍ የጻፉት መምህር ናቸው ብሎ ለጎረቤቱ ሲያስተዋውቀኝ ሰማሁት። በአድናቆት ነው ያለው።

ቀለመወርቅ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«መምህር፣ የእኔ አውጫጭኝ በሰው ፊት ነበር» አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «የእርስዎም በሰው ፊት ይሁን። ዘበኛውን አንቄው ጣፈጠኝ ያለው ማን ነው? ጎማ ኋላ የነገሩኝን እዚህ ይንገሯቸው። ሳይመልሱ ይህች መኪና አትነሣም።»