ከቤተ ክርስቲያን የቀደመው ሰዓት

በዚያ የጀርመን መንደር ከቀጠሮው የዘገየ ሰው ሁሉ «የኢርምጋርድ ዘመድ ነው» ይባላል። የኢርምጋርድ ቅድመ አያት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ነበር፤ «በየእሑዱ ሩብ ሰዓት ያዘገያል» ተብሎ ከሥራው ተባረረ። ከሳሹ የመንደሩ ሹም አዳልበርት ሲሆን፣ ምስክሩ ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ የቆመው፣ ቁመቱ ሰው የሚያክል ሰዓት ነበር።

ያ ሰዓት አሁን የአዳልበርት የልጅ ልጅ ልጅ፣ የሂልትሩድ ነው። «ቤተ ክርስቲያኑን ያረመ ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት የመንደሩ ሙዚየም ሊገባ ነው። ይህ ከተለጠፈማ የኢርምጋርድ ዘር እስከ ወዲያኛው ዘገምተኛ ሆኖ መቅረቱ ነው። ስለዚህ የሙዚየሙ ባለሙያ አቶ ዲትማር የሰዓቱን አመጣጥ ሊያጠና በመጣበት ቀን፣ ኢርምጋርድ ሳትጠራ ሂልትሩድ ቤት ከተፍ አለች።

«ዛሬስ በጊዜ መጣሽ!» አለች ሂልትሩድ፣ ቫፍል በሚሉት ኬክ ላይ ትኩስ የቀይ ቼሪ ፍሬ እያፈሰሰች።

«በዘሬ ነዋ!»

«ቅድመ አያትሽማ ገና መንገድ ላይ ነው።»

ኢርምጋርድ ነገሩን ከቫፍሉ ጋር ዋጠችው። «አቶ ዲትማር፣ ሰዓት ጠጋኝ የሠራውን ሥራ ከሰዓቱ መዝጊያ ጀርባ በእርሳስ ይጽፍ የለ? እስቲ ይዩልን።»

ዲትማር በባትሪ እያበራ አነበበ። አንዱ ገመድ ቀይሯል፤ ሌላው ዘይት ቀብቷል። ከዚያ ድንገት ሳል ያዘው።

«ምን አገኙ?»

«ይቅርባችሁ።»

«ያንብቡት!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

«ግንቦት 1881። በወይዘሮ ኩኒጉንዴ ትእዛዝ ሩብ ሰዓት አስቀደምኩት። ባሏ እሑድ እሑድ ከአልጋ አልወርድ ብሎ አስቸግሯታል። ባሏ አዳልበርት እንዳይሰማ።»

ኢርምጋርድ ሳቋ ከወንበሯ ሊጥላት ደረሰ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኩኒጉንዴ ግን አንድ ምስኪን ደዋይ ከሥራው አስወጥቶ መቶ ዓመት አልፎታል።

«ጽሑፉ ‹ደዋዩ ትክክል ነበር› ይበል» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ሂልትሩድ ፊቷ ከቼሪው ቀላ። «ይሁን። ብቻ ለባሌ እንዳትነግሪው።»

«ለምን?»

«ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ እኔም ሩብ ሰዓት አስቀድመዋለሁ። የራሴ ብልሃት ይመስለኝ ነበር እኮ!»

ይህን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ከጓሮ የሂልትሩድ ባል ጮኸ፦

«ሰማሽ? ዛሬም ዘገየ! ነገ ለቄሱ ደብዳቤ እጽፋለሁ!»

ኢርምጋርድ ከወንበሯ ተነሥታ መስኮቱን በቀስታ ዘጋች።

«የጽሑፉ ሰሌዳ» አለች፣ «ትልቅ ይሁን።»