ማንጎ አይደለም

«...ለንግድ ሥራ በሄደችበት፣ በድንገተኛ የጀልባ አደጋ...»

የመረዳጃ ማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ምሕረቱ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው የፍሬገነትን የሕይወት ታሪክ ማንበባቸውን ቀጠሉ። ደቡብ አፍሪካ፣ ቮስሎሩስ ሰፈር፣ ከተዘጋው ሱቃቸው ጀርባ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ነገ ይኸው ጽሑፍ ከአስከሬኑ ጋር አገር ቤት፣ ሆሳዕና ይሄዳል፤ እዚያም አባቷ ፊት ይነበባል።

ታላቅ እህቷ ድንቅነሽ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። እሷ የጥገኝነት ማመልከቻዋ ገና ስላልተወሰነ ከዚህ አገር ንቅንቅ ማለት አትችልም። እህቷን የሚሸኝላት ይህ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እሱም ይዋሻል። የዋሸችው ደግሞ ራሷ ናት።

ከስድስት ወር በፊት ፍሬገነት፣ መኖሪያ ፈቃዷ ቀድሞ የደረሰላት እድለኛዋ፣ ለአራት ቀን ሽርሽር ብላ ከሄደችባት የሞዛምቢክ ደሴት ደወለች።

«አልመጣም እታለም። ዛፍ እየተከልኩ ነው፤ ማንግሮቭ።»

«ማንጎ?»

«ማንጎ አይደለም!» ሳቋ አላስወራት አለ። «ባሕር ዳር፣ ጨዋማ ጭቃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው። አውሎ ነፋስ ጠርጎት ባሕሩ ሰዎቹ ቤት እየገባ ነው። ቮለንቲር ነን፣ አሥራ አንድ ሆነን እንተክላለን።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ይከፍሉሻል?»

«ማን ነው የሚከፍለኝ? በነጻ ነው።»

«አብደሻል! እኛ ሌባ ፈርተን ሱቃችን ውስጥ ከሽቦ ጀርባ ቆመን ዳቦ እየሸጥን፣ አንቺ የሰው አገር ጭቃ ታቦኪያለሽ?»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ሽቦ ቀዳዳ እጄን ብቻ ነው ያዩት፣ እታለም። እዚህ ስሜን ያውቁታል።»

ድንቅነሽ ይህን ለሰው ማውራት አፈረች። ለጠየቃት ሁሉ «ለዕቃ ሄዳለች» አለች፤ ለአባቷም እንደዚያው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ አንዴ ያመለጣት ቃል ስድስት ወር ሲዞር ቆይቶ አሁን በጋሽ ምሕረቱ አንደበት ተመለሰ።

ከኋላዋ ጎረቤቷ በለጥሽ ሹክ ስትል ሰማቻት። «የምን ንግድ ነው እቴ? ደሴት ላይ ምን ይነገዳል? ወንድ ተከትላ ነው እንጂ።»

ድንቅነሽ ከፍራሹ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ያቁሙ።»

«ልጄ፣ ይጨረስና...»

«አይጨረስም! እህቴ ለንግድ አልሄደችም። ለዕቃ ሄደች ያልኩት እኔ ነኝ። አፍሬባት ነው የዋሸሁት። ዛፍ ስትተክል ነው የሞተችው፤ ችግኝ ጭነው ሲሻገሩ ጀልባው ተገልብጦ። ወንድ አልተከተለች፣ ዕቃም አላመጣች!»

ከጥግ አንዱ «የምን ዛፍ?» ሲል ሌላው «ማንጎ ነው መሰለኝ» ብሎ መለሰለት።

«ማንጎ አይደለም!» ብላ ጮኸች። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ፤ ግን አልተቀመጠችም።

ጋሽ ምሕረቱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባትሽን አስቢ እንጂ። ልጅህ የሰው አገር ጭቃ ስታቦካ ሞተች ይባላል?»

«ይባላል። የሚረግም ከሆነ እኔን ይርገመኝ፤ እሷን ግን በሐሰት አይቀብራትም።»

እስክሪብቶውን ከደረት ኪሳቸው መዘዘችና «ለንግድ ሥራ» የሚለውን ሰረዘች። በላዩ ላይ «ባሕሩ ሰው ቤት እንዳይገባ ዛፍ ልትተክል» ብላ ጻፈች። ፊደሉ ተንጋደደ፤ ቢሆንም ይነበባል። ሽማግሌው ወረቀቱን ጥቂት አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከመጀመሪያው ጀምረው አዲሱን እንዳለ አነበቡት።

ምሳ እስኪቀርብ ድንቅነሽ ወደ ግቢው ወጣች። በለጥሽ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ከደሴቲቱ በተላከው ሻንጣ ውስጥ የነበረውን የፍሬገነትን ቦት ጫማ በብሩሽ ትፈትጋለች። ቀና ብላ ማየት አቅቷታል።

«ጭቃውን ላስለቅቅልሽ ብዬ ነው...»

«ተዪው!»

ነጠቀቻት። አንደኛው ጫማ ታጥቦ አልቋል። ከሁለተኛው ሶል ላይ የደረቀውን ጥቁር ጭቃ በጣቷ ፈልፍላ አወጣችና በግራ እጇ ጨብጣው ፍራሿ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

በለጥሽ የእጅ ውሃ ይዛ መጥታ ፊቷ በርከክ አለች። ድንቅነሽ ቀኝ እጇን ብቻ ዘረጋችላት።

«ግራሽንስ?»

«እሱ ይቆይ» አለች።