ሁለት ቀይ ነጥብ

ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል ሦስት ገጽ ነው። ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ሁሉም እውነት ነው።

ስሜ ከድሩ ነው። ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለች ሱቅ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። እህቴ ጀዋሂር በሱቁ ሌላ ግማሽ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ትሸጣለች። የምኖረው በቀኝ እጄ ነው። ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ዕቃ ከቦርድ ላይ ነቅዬ ሌላ የምበይደው በእሱ ነው። ግራዬ ካቻቢቴ እንኳ በወጉ አይዝም።

ጉታ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ነው። ላፕቶፑ ተንቀራፈፈበትና ሜሞሪ፣ እኛ ራም የምንለውን፣ ልታሳድግልኝ ትችላለህ ወይ ብሎ መጣ። ከፍቼ አየሁት። ስምንት ጊጋ ሳምሰንግ ተሰክቶበታል፣ አጠገቡ አንድ ባዶ ቦታ አለ። እኔ ዘንድ የሚሆኑት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ከሌላ ላፕቶፕ የተነቀለ ሳምሰንግ፣ ሌላው ማሸጊያው ያልተከፈተ ኪንግስተን። ጉታ ሳምሰንጉን መረጠ። አንድ ቤት የሚያድሩ የአንድ እናት ልጆች ቢሆኑ ይሻላል ብሎ ቀለደ። እኔ ደግሞ ከስማቸው ይልቅ ፍጥነታቸውና የሚፈልጉት ቮልቴጅ መመሳሰሉ እንደሚበልጥ ነገርኩት። ለማረጋገጥም የእሱን አውጥቼ ሁለቱን በየተራ ለብቻቸው ሰካሁና በመፈተሻ ፕሮግራም ሁለት ሁለት ሰዓት አስኬድኳቸው። ሁለቱም አለፉ። እንደዚያ ከሆነ አዲሱን ውሰድ፣ ዋስትና አለው አልኩት። ወሰደ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

እኛ ጠጋኞች የሸጥነው ራም ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ እናደርጋለን። ደንበኛ ሊያስቀይር ሲመጣ ዕቃው የኛ መሆኑን የምናውቀው በዚያ ነው። የኔ ቀይ ነው፤ ከጀዋሂር የወሰድኩት። ደንብም አለኝ። የደንበኛው ዕቃ በግራ፣ የኔ በቀኝ ይቀመጣል፤ ምንም ነገር ከመንቀሌ በፊት ደግሞ ውስጡን ፎቶ አነሳለሁ። የዚያን ዕለት ልሰካ ስል መብራት ጠፋ። የእሱን ሳምሰንግና የሸጥኩለትን ኪንግስተን አንድ ከረጢት ውስጥ ከተትኳቸው። መብራቱ ሲመጣ አወጣኋቸው፣ ቀለሙን ቀባሁ፣ ሰካሁ። እጄ ለምዶት የሠራውን ዓይኔ አልተከታተለውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጉታ ሱሉልታ ሰርግ ላይ ሳለ ላፕቶፑ ጋለና ጠፋበት። እዚያው ያገኘው ጠጋኝ ከፈተው። ሁለቱም ራም ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ጉታ ሱቄ ስላየው ሌላ ሳምሰንግ ሲነግረው ጠጋኙ የራስህን ሳምሰንግ ወስዶ ያንን የተነቀለውን ሰክቶልሃል አለው። እኔም በጉታ ቦታ ብሆን አምነው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጉታ ከአጎቱ ልጅ ከዋቆ ጋር መጣ። ዋቆ ቆርቆሮ መቺ ነው፤ ማርቴሎው በእጁ ነበር። ሰላምታ አልነበረም። ጉታ ባንኮኒውን ተሻግሮ በቦክስ አፌን መታኝ። ወደ ኋላ ስሄድ መደርደሪያው ጀርባዬን ያዘኝ፣ ስክሪኖቹ በላዬ ወረዱ። ሁለተኛው ቦክስ ጆሮዬ ላይ አረፈ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ጆሮዬ የምሰማው ፉጨት ብቻ ነበር። ዋቆ መስታወቱን አንዴ በማርቴሎው መታውና የስልክ ሽፋኖቹ ከስብርባሪው ጋር መሬት ላይ ፈሰሱ።

«ቀቢ» አለው ጉታ፤ ያዘው ማለቱ ነው። ዋቆ በአንድ እጁ ማጅራቴን ጨምድዶ ፊቴን ከጠረጴዛው ጋር አጣበቀው። ጉታ ቀኝ እጄን አንጓው ላይ ይዞ ዘረጋው። ላፕቶፑን ፊቴ ላይ ሊደርስ ምንም ያህል ሳይቀረው ወረወረው። ክዳኑ ወልቆ ስለነበር ማራገቢያው ታየኝ፤ መተንፈሻው በአቧራ ተደፍኗል። የጋለው ለዚያ ነበር። ልናገር ስል ደም አፌን ሞላው።

ጉታ ሁለቱን ራሞች ዓይኔ ሥር አስቀመጣቸው።

«የኔ የታለ?»

«ሳምሰንጉ ያንተው ነው።»

«ነጥቡስ የማነው?»

ያን ጊዜ መብራቱ የጠፋበት ሰዓት ትዝ አለኝ። የሱሉልታው ሰውዬ ቀብቶት ይሆናል ማለት እችል ነበር። ጉታ ለአንድ አፍታም ቢሆን ይጠራጠር ነበር፣ እጄም ይተርፍ ነበር። ግን ቀለሙ የኔ ነው፤ ያንን አንጸባራቂ ቀይ አውቀዋለሁ።

«ሁለቱም ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሰማኸው?» አለ ጉታ።

ዋቆ መታ። የመጀመሪያው አመልካች ጣቴን አገኘው። ሕመሙ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ የቀደመው ድምፁ ነበር፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ጮህኩና ለጀዋሂር ስልኬ ላይ ካለው ፎቶ የሳምሰንጉን መለያ ቁጥር እንድታነብ ነገርኳት። በጠረጴዛው ማዶ ቆማ ነበር። ፎቶውን አገኘችው፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ አንድ አንድ ቁጥር መጥራት ጀመረች። ጉታ ራሙን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ተከተላት። ዋቆ ፎቶ አስመስሎ መሥራት ማንን ያቅተዋል አለና እያነበበች ሳለ ደገመኝ። መሀል ጣቴ ነበር።

የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ጉታ ከእሷ ጋር እኩል ጠራቸው። እጄን ለቀቀ።

«ዋቆ፣ በቃ። የኔው ነው።»

ዋቆ ማርቴሎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አላፈረም፣ ተገረመ እንጂ። «ታዲያ ምን እኔ ነኝ አሰኘው? ጅል» አለና ወደ በሩ ዞረ።

ጀዋሂር ማርቴሎውን አነሳች። ከኋላው ሁለት እርምጃ ሄዳ በቀኝ እጇ ሰነዘረችው። ቀኝ መንጋጋው ላይ አረፈ። በጉልበቱ ተደፋ፣ ሁለት ጥርስ ከደሙ ጋር ደፉ ላይ ተፋ። እንደገና ስታነሳ ክንዷን በግራ እጄ ያዝኩት። ሳልይዛት ብቀር አናቱን ትለው ነበር። ማርቴሎውን ከጣቶቿ ፈልቅቄ ወሰድኩ፤ ጎረቤት የጠራቸው ፖሊሶች ሲገቡ በግራ እጄ ላይ ነበር።

ሳጅን ኢቲቻ መጀመሪያ ጣቶቼን አዩ፣ ከዚያ ዋቆን። እሱን የመታው ማነው ብለው ጠየቁ። ዋቆ መናገር አይችልም፤ ከኋላው ስለነበረችም አላያትም። ጉታ አይቷል። ጀዋሂር አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት።

ከፊት ለፊት የቆመ ሰው በግራ እጁ ቢመታ የሚያገኘው የተመቺውን ቀኝ መንጋጋ ነው። ይህንን ቆሜ አስልቼዋለሁ።

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ ኢቲቻ። በግራ እጄ።»

አንሣና አሳየኝ አሉ። አነሳሁት። ጀዋሂር ወደ ግድግዳው ዞረች። ሳጅኑ ጻፉ፣ ከዚያ ወረቀቱን ለጉታ አቀበሉትና የተባለው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ጉታ ራሙን አሁንም በመዳፉ እንደያዘ ነበር። እኔን አየ፣ ጀዋሂርን አየ፣ ቀይ ነጥቡን በአውራ ጣቱ ፋቅ ፋቅ አደረገ።

«እሱ ያደረገውን አይክድም» አለና ፈረመ።