የፈርገስ እግርና የአክስት ዌቱ ምንጣፍ

ወንድሜ ፈርገስ ጫማውን ካወለቀ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። እዚህ ኒውዚላንድ በባዶ እግር ሱፐርማርኬት መግባት ብርቅ አይደለም፤ የባንካችን ሥራ አስኪያጅ ራሱ በበጋ ጫማውን ቤቱ ትቶ ይመጣል። ልዩነቱ፣ ሰውየው ሲበርደው ጫማ ያደርጋል። ፈርገስ ግን ነገሩን ሃይማኖት አደረገው።

«መሬት ታናግረኛለች» ይላል። እኔ የማውቀው እሱ ሲናገራት ነው፤ ታኅሣሥ ላይ የጋለ አስፋልት ሲያቋርጥ የሚያወርድባትን ስድብ ሰምታ ዝም ማለቷ ትዕግሥቷ ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ዳንስ የሚማር ይመስላል። እሾህ ሲወጋው የሚያወጣለት ማን መሰላችሁ? ታላቅ እህቱ እኔ፣ በመርፌ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣ ስለ ጫማ ጎጂነት ትምህርት እየተሰጠኝ።

ታዲያ ይህ ነፃ ሰው ናይሪ የምትባል ልጅ ወደደ። ናይሪን ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። አክስት ዌቱ ካልወደዱት ሠርግ የለም፤ ይህን ናይሪ ራሷ ነግራዋለች። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት እሁድ፣ አክስቲቱ ምሳ ጠሩን።

በራፉ ላይ የቤተዘመዱ ጫማ ተደርድሯል። እዚያ ቤት በጫማ መግባት ነውር ነው። እኔ ቦት ጫማዬን አውልቄ በንጹሕ ካልሲ ገባሁ። ፈርገስ ምን ያውልቅ? ከመኪናው እስከ በራፉ ቀዩን ጭቃ ረግጦ መጥቶ፣ ፈገግ ብሎ ሊገባ እግሩን አነሳ።

«ቁም!» አሉ አክስት ዌቱ። «ጫማህን አውልቅ እንጂ!»

«እኔ ጫማ አላደርግም፣ አክስት።»

«አድርገሃል እንጂ! ይኸው፣ የመንገዱ ጭቃ በሙሉ እግርህ ላይ ነው። ይሄ ሁሉ ሰው መንገዱን ደጅ ትቶ ገባ። አንተ ይዘኸው ልትገባ ነው?»

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን መልስ ያሰበለት ሰው የለም፣ እኔን ጨምሮ። ቀናሁባቸው።

በአትክልት ማጠጫው ጎማ ታጠበ። መጀመሪያ ቀዩ ጭቃ ለቀቀ፣ ቀጥሎ ከሥሩ ጥቁሩ ታየ። የአስራ አንድ ዓመቱ የውስጥ እግር ጥቀርሻ ግን ንቅንቅ አላለም። አክስት ዌቱ ነጩን ምንጣፋቸውን አዩ፣ እግሩን አዩ፣ ከጓዳ የሟች ባላቸውን የሱፍ ካልሲ አምጥተው ዘረጉለት።

«እኔ እኮ... መርህ ነው» ብሎ ጀመረ።

«መርህህን እዚያ ከጫማዎቹ ጋር ደርድረው።»

እንደማያጠልቀው አውቄያለሁ። አምና እናታችንን ስንቀብር፣ «ለዛሬ ብቻ፣ ስለ እሷ ብለህ» ብዬ ለምኜው፣ «እማ ትረዳኛለች» ብሎ በባዶ እግሩ መቃብሯ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ነው። ናይሪም ሳታውቅ አልቀረችም፤ አንገቷን ደፍታ ወደ ኩሽና ገባች።

ፈርገስ የሄደችበትን በር አየ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲዎቹን አጠለቀ፤ ተረከዙ በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶት ሁለቴ አዟዟረው። ገባ። ናይሪ የበግ ጥብሱን ይዛ ስትመለስ እግሩን አየችና ሳህኑን አስቀምጣ አለቀሰች። አክስት ዌቱ ስኳር ድንቹን ከሁሉ አስቀድመው ለእሱ አነሱለት። ሠርጉ ተፈቀደ ማለት ነው።

አጠገቤ ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ጎረሰና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ለካ ይሞቃል» አለኝ።

ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ሹካዬን ጨብጬ ቀረሁ። እማ ይህንኑ ስትነግረው ኖራ ነው የሞተችው።