በቦዩ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር

የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ ወደ ወታደር ማሠልጠኛው የሄደችው አንድ ቅጽ ለመሙላት ነበር። የጎርፍ መውረጃው ቦይ ተዘግቶ ውሃው አዛዡ ቢሮ ገብቷል፤ ጥገናው ደግሞ ያለ እሷ ፊርማ አይጀመርም። አዛዡ ኮሎኔል እግሮቹን ባዶ ሣጥን ላይ ሰቅሎ ተቀበላት። ቦዩ ውስጥ ከጭቃ በቀር ምንም ስለሌለ መልፋት እንደማያስፈልጋት ነገራት። እሷ ግን ያላየችውን ፈርማ አታውቅምና ቦት ጫማ ተውሳ ወረደች።

ቦዩን እንዲያሳያት የታዘዘው አሥር አለቃ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው፤ ምልምሎች ኮቴውን ሲሰሙ ምራቃቸው ይደርቃል። ቦዩ የሚወርድበት ቱቦ አፍ ላይ ሲደርሱ ቦዩን የዘጋው ደለል እንዳልሆነ አየች። አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች እንደ ግንብ ተደርድረዋል። ከጆንያዎቹ ወዲያ፣ በተጠራቀመው ውሃ መካከል ባለች ጉብታ ላይ፣ አንዲት ዳክዬ እንቁላሏን ታቅፋለች።

«ይህን ማን ደረደረው?» አለችው።

አሥር አለቃው ቀጥ ብሎ ቆመ። «እኔ ነኝ። ውሃው ከጎደለ የማሠልጠኛው ድመቶች ይደርሱባታል።»

ቢሮው እንደሚጥለቀለቅ አላወቀም ነበር ወይ ብትለው፣ ማወቁንስ አውቆ እንደነበር፣ ኮሎኔሉ ግን ዋና እንደሚችሉ ነገራት።

ባለሙያዋ ውሸት መጻፍ አይሆንላትም። ቅጹ «በሥራው የሚነካ፣ በቦዩ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር» ይላል። «አንዲት ዳክዬ፣ አራት እንቁላል፣ አንድ አሥር አለቃ» ብላ ሞላች።

ኮሎኔሉ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያም ጥገናው ለአንድ ወር እንዲቆይ፣ አሥር አለቃውም እስከዚያው በየጠዋቱ የቢሮውን ውሃ በባልዲ እየቀዳ እንዲደፋ አዘዘ።

በወሩ ስትመለስ ጆንያዎቹ ተነስተው ውሃው ይወርዳል። አሥር አለቃው ጉብታው አጠገብ ጠበቃት። ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥቶ ሪፖርቱን አቀረበ፤ ሦስቱ ተፈልፍለው ከእናታቸው ኋላ ወደ ወንዙ ሄደዋል።

«አራተኛውስ?»

«አልወጣም።» ፊቱ እንደወትሮው ነው፤ ድምፁ ግን ሰለለ። «ቀበርኩት።»

እግዜር ያጥናህ ልትለው ብላ ተወችው። ወረቀቷን አጣጥፋ ከጎኑ ቆመች። ማዶ ሜዳው ላይ ምልምሎች ሰልፋቸው ተዘባርቆ ያልፋሉ፤ አሥር አለቃው እያያቸው አልጮኸባቸውም።