የእህቱ ወፍራም ድምፅ

ፕሮግራሙን የሠራው ሰው መጀመሪያ ያሰበው ዘፈን ለሚማሩ ነበር። ፕሮግራሙ በማይክ የገባውን ድምፅ ይቀበልና በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይቆጥራል፤ ቶሎ ቶሎ ከተርገበገበ ቀጭን ነው፣ ዘግየት ካለ ወፍራም ነው ይላል። በቃ ይኸው ነው ሥራው።

አለቃው ግን የደንበኞች ስልክ የሚነሳበት ክፍል ውስጥ አስገባው። «ደንበኛ ቀጭን ድምፅ ነው የሚወደው። ወፍራሙ የተቆጣ ይመስላል» አለና መስመር አስደረገበት። የሠራተኛዋ ድምፅ ከመስመሩ በላይ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲወርድ ቀይ ይበራል፤ ቀይ የበዛባት ትሰናበታለች። ይህን ሲናገር ከንፈሩን በምላሱ ያረጥብ ነበር። ፕሮግራም ሠሪው ዓይኑን ከሰውየው ከንፈር ላይ አነሳ። ቢሆንም መስመሩን ያሰመረው እሱው ራሱ ነው።

እዚያ ክፍል ታላቅ እህቱ ትሠራለች። ድምፅዋ የአባታቸው ቁርጥ ነው፣ ጎርናና፣ ከሆድ የሚወጣ። ድሮ የሰፈር ጎረምሳ እሱን ሲያባርር «ማነው እሱ!» ብላ ከደጅ ስትጮህ፣ ጎረምሳው አባትየው የመጡ መስሎት ጫማውን ጥሎ ይፈረጥጥ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን መብራቷ ቀይ በቀይ ሆነ። ኋላ ድምፅዋን ማቅጠን ለመደች። አንድ ቀን ማይክ ሊቀይርላት ቢገባ፣ ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ዓይነት ቅጥነት፣ ከአንገት በላይ እየሳቁ ይንጫጫሉ። የእህቱ ማይክ ስፖንጅ በምራቅ ወይቦ ይሸታል። በስልኩ ውስጥ አንድ ሰውዬ እናቷን እያነሳ ይሰድባታል፤ እሱ በተሳደበ ቁጥር እሷ ትቀጥናለች። «እሺ የኔ ጌታ፣ ይቅርታ የኔ ጌታ!» ወንድሟን ቀፈፈው።

ራት ላይ ደግሞ «ጨው ላቀብልህ የኔ ጌታ?» አለችው በዚያው ድምፅ። ዓይናቸው የደከመው እናታቸው «ስልክ ላይ ነሽ እንዴ?» ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች። እሱ ግን እጁን ከገበታው ሰበሰበ።

በማግስቱ ማንንም ሳያስፈቅድ መስመሩን እስከ ታች አወረደው። አለቃው የሁሉም መብራት አረንጓዴ ሲሆን አይቶ «አየህ? ሲጫኗቸው ይሠራሉ!» እያለ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ያ ትከሻው ቀኑን ሙሉ የቆሸሸ መሰለው።

ወደ ቤት ሲሄዱ ነገራት።

«እታለሜ፣ መስመሩን አውርጄዋለሁ። ብታጓሪ እንኳ አረንጓዴ ነው። ከእንግዲህ በራስሽ ድምፅ ተናገሪ።»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «እሰይ የኔ ወንድም! ተገላገልኩ በለኛ!»

ቀጭን ነው።

«በራስሽ ድምፅ አልኩሽ እኮ።»

«ይኸው እየተናገርኩ አይደል እንዴ?» አለች፣ ግራ ገብቷት። ጉሮሮዋን ጠርጋም ደገመችው። ያው ነው። ለአለቃው ያጠራቀመው ምራቅ እዚያው አፉ ውስጥ መረረው።

እህቱ ደስ ብሏት ቀድማው ሄደችና በሩን አንኳኳች።

«እማዬ፣ ክፈቺልን!»

እናታቸው ከውስጥ በትሕትና መለሱ።

«ማን ልበል?»