አፈር አልገባም

ቤት በአንድ ቃል ሲፈርስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያውም ገና ያልተሠራ ቤት! ቢቸና ላይ አየሁ።

እኔ ሞጣ ውስጥ ከአራት ሴቶች ጋር አፈር በማሽን እየጨመቅሁ ብሎኬት አመርታለሁ። ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ይደረግበታል እንጂ እሳት አይነካውም፤ ለማቃጠያ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ የለም። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀን አይግልም፣ ሌሊት አይበርድም። ማሽኑ ግን የእኛ አይደለም። ያዋሰን ድርጅት "እስከ ሰኔ አንድ ቤት አቁማችሁ ለሰው ካላሳያችሁ ለሌላ ማኅበር እንሰጠዋለን" ብሎናል። አንድ ቤት ብቻ! ሞጣ ላይ እሺ የሚል ጠፋ። ቢቸና ያሉት አክስቴ እትዬ ሀብትነሽ ግን ብሎኬቱን በመዳፋቸው ዳብሰው "ይኼማ ያምራል፤ ለእኔ ሥሪልኝ" አሉ።

ማሽኑን ጭነን ሄድን። ከጓሯቸው አፈር ቆፍረን፣ ጨምቀን፣ አድርቀን ጨረስን። የመጀመሪያው ብሎኬት ሊቀመጥ ሲል ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ የባላቸው ወንድም መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴም እንዲባርኩ ተጠሩ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቃል አግኝተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ብሎኬቱን በመቋሚያቸው ነካ አደረጉና፣

"ከምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ።

ምን ነበረበት ሌላ ነገር ብል! "ከአፈር ነው፣ የኔታ" አልኩ።

"አይ ሀብትነሽ! እንግዲህ በቁምሽ አፈር ልትገቢ ነዋ!"

ሰዉ በሳቅ አለቀ። እትዬ ሀብትነሽ አልሳቁም። "አፈር አልገባም! በሲሚንቶ ይሠራልኝ" ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ተከትያቸው ገባሁ። "እትዬ፣ አሁን ያሉበት ቤትስ ከምን ተሠራ? ከአፈር አይደለም?"

"እሱ ጭቃ ነው።"

"ጭቃ ምንድን ነው ታዲያ?"

"ጭቃ ጭቃ ነው!"

ኧረ እግዚኦ! ራሴን ከዚያው ጭቃ ግድግዳ ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝ። መሪጌታ ቤት ሄጄ "የኔታ፣ የተናገሩትን ያርሙልኝ" ብዬ ለመንኳቸው። "ቀልድ እኮ ነው!" አሉ ደንግጠው፤ አብረውኝም መጡ። መጥተውስ? አዳም ከአፈር ተበጅቶ እንዴት ወደ አፈር እንደተመለሰ ለእትዬ ያስረዱ ጀመር። እትዬ አማተቡ። ምነው ባልጠራኋቸው!

በሳምንቱ ሲሚንቶ መጣ። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ድርጅቱ ማሽኑን ከእትዬ ግቢ የሚወስድ አይሱዙ ላከ። እየጫንን ሳለ እትዬ ሀብትነሽ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። ተናድጄ ቀና ብዬም አላየኋቸው።

"ቤቱን እኮ ወድጄው ነበር፣ ስርጉት" አሉ ቀስ ብለው። "ግን አንቺ ዛሬውኑ ሞጣ ትገቢያለሽ። ገበያ በወጣሁ ቁጥር 'አፈር የገባችው መጣች' የሚለኝ ሰው እዚሁ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው።"

የምናደድበትን ሰው እንኳ አሳጡኝ።